በብርሃን የተጻፈ ፊት፤ ስለ ወይዘሮ ዩልያ ካሜሮን የፎቶግራፍ ጥበብና ስለ ሕፃኑ ደጃዝማች ዓለማየሁ ሥዕል

ፎቶግራፍ የሚባለው ቃል ከጽርእ ቋንቋ የተገኘ ነው። ፎስ ማለት ብርሃን፥ ግራፌ ማለት ጽሕፈት ስለ ሆነ፥ ወደ ግዕዝ ሲመለስ ጽሕፈተ ብርሃን ማለት ይሆናል። ይህን ስም በ1839 ዓመት በእንግሊዝ አገር በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አንሥቶ ያስለመደው ዮሐንስ ኸርሼል የተባለው የከዋክብት መርማሪ ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ፈረንሳዊው ዳጌር ያገኘው ብልሃት በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጠ፤ በእንግሊዝም ታልቦት የተባለው ሰው ጥላን በወረቀት ላይ የሚያስቀር ሌላ መንገድ አስታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓመተ ምሕረት ተብሎ ይለያል።)

እንግዲህ ነገሩ ጽሕፈት ከሆነ ጸሐፊው ማን ነው? ፀሐይ ነውን፥ መኪናው ነውን፥ ወይስ ከመኪናው ኋላ የቆመው ሰው? በኤውሮፓ ጠቢባን መካከል ብዙ ዘመን ያከራከረ ጥያቄ ይህ ነው። የፈረንሳዩ ባለቅኔ ቦድሌር በ1859 ስለ ሥዕል ትርኢት በጻፈው ትችት ፎቶግራፍ ለዕውቀትና ለጥበብ አገልጋይ ትሁን እንጂ በጥበብ ወንበር ላይ አትቀመጥ ብሎ ፈረደ። ምክንያቱም የሚታይ ነው። ሠዓሊው ቡሩሽ ሲያነሣ በልቡ የሳለውን በእጁ ያወጣል፤ መኪናው ግን ልብ የለውምና ደግ ሰውንም ድንጋይንም በአንድ ዐይን ያያል። ይህን ነቀፌታ ለማራቅ ከፎቶግራፍ አንሺዎች አንዳንዶቹ ሠዓሊዎችን ለመምሰል ሞከሩ። ሬይላንደር የተባለው በ1857 ሠላሳ የሚያህል መስተዋት እየገጣጠመ አንድ ትልቅ ሥዕል አወጣ። ድካሙ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የተገጣጠመ ልብስ ስፌቱ እንደሚታወቅ የዚያም ሥዕል ስፌት ይታወቃል።

ለጥያቄው ሌላ መልስ የሰጡት፥ ሠዓሊም ሆነ ኬሚስት ያልነበሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ የተጠጋ አንዲት የቤት እመቤት ናቸው። ስማቸውም ዩልያ ማርጋሬት ካሜሮን ይባላል። አንባቢው ይህን ስም ሲሰማ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያሰሩትን የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮንን ያስታውስ ይሆናል፤ በስም ቢገናኙም ሰዎቹ ሌላ ሌላ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ፊት እንደሚታየው፥ በቆንሲሉ መታሰር ምክንያት የመጣው ጦርነት ያፈራውን ሐዘን ወይዘሮዪቱም በመስተዋታቸው አይተውታል።

ወይዘሮ ዩልያ በ1815 በህንድ አገር በካልኩታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በቤንጋል የእንግሊዝ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሹም ነበሩ። በ1838 ቻርልስ ሄይ ካሜሮን የሚባሉትን በዕድሜ ሃያ ዓመት የሚበልጡአቸውን የሕግ ሊቅ አገቡ፤ ከዚያ አስቀድሞ በደቡብ አፍሪቃ ዳርቻ ከላይ ከተጠቀሰው ከኸርሼል ጋራ ተዋውቀው ስለ ነበረ፥ ስለ አዲሱ የፎቶግራፍ ብልሃት ገና በማለዳው የነገራቸው፥ በ1842ም ናሙናውን እስከ ህንድ የሰደደላቸው እሱ ነው። በ1848 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ፤ በ1860ም ዋይት በምትባለው ደሴት ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር ቤት ገዝተው ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ባለቅኔው ቴኒሰን ስለ ነበረ ከቤታቸው እንግዳ አይጠፋም ነበር።

በ1863 በታኅሣሥ ወር፥ ባልየው በሴይሎን ያለውን የቡና እርሻቸውን ለማየት ሄደው ቤቱ ጭር ባለ ጊዜ፥ ሴት ልጃቸውና አማቻቸው ብቸኝነት እንዳያስጨንቃቸው ብለው አንድ የፎቶግራፍ መኪና በስጦታ አመጡላቸው። መቼም ለመጫወቻ ተብሎ የተሰጠ ነገር ነው። እሳቸው ግን የከሰል ቤቱን ጨለማ ክፍል አደረጉት፤ የዶሮ ቤቱንም ዶሮዎቹን አስወጥተው በመስተዋት ሸፍነው የሥዕል ማንሻ ቤት አደረጉት። ባለቅኔዎችና ፈላስፎች፥ የመንደር ልጆችና ገረዶች በዚያ የዶሮ ቤት ተራ በተራ ተቀመጡ።

ሥራው እንደ ዛሬ ጣት የሚጫኑበት ሥራ አልነበረም። ብራና የሚፍቅ ሰው፥ ቀለም የሚበጠብጥ ጸሐፊ ይህን ነገር ያስተውለዋል። አስቀድሞ አንድ የመስተዋት ገበታ ጉድፍ እስከማይገኝበት ድረስ ይወለወላል። ቀጥሎ ኮሎዲዮን የሚባል፥ በአሲድ ከተነከረ ጥጥ ተሠርቶ በኤተርና በአልኮል የሟሟ የሚያጣብቅ ውኃ በላዩ ይፈሳል፤ ገበታውን ወዲህና ወዲያ እያዘነበሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ማዳረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ጨለማው ቤት ገብቶ የብር ጨው ባለበት ውኃ ይጠመቃል፤ ብርሃንን የሚቀበለው ይህ ብር ነውና። እርጥብ እንደ ሆነ ወደ መኪናው ይገባል፥ ሥዕሉም ይነሣል፥ ሳይደርቅም ተመልሶ በሌላ መድኃኒት እየታጠበ ፊቱ ቀስ በቀስ ይገለጣል። ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በመጨረሻም የዕንቁላል ውኃ በተቀባ ወረቀት ላይ ተደርጎ በፀሐይ ይታተማል፤ መልኩ እንዲጸናም ወርቅ የሟሟበት ውኃ ይጨመርበታል። ወይዘሮዪቱ ይህን ሁሉ በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር፤ ጣቶቻቸውና ልብሳቸው ከብሩ መድኃኒት የተነሣ ጠቁረው ይታዩ እንደ ነበረ ያወቁአቸው ሁሉ ተናግረዋል።

በ1864 በጥር ወር አኒ የምትባል አንዲት ትንሽ ልጅ አስቀምጠው አንድ ሥዕል ወጣላቸው። በወረቀቱ ግርጌ ይህ የመጀመሪያዬ መከናወን ነው የሚል ቃል ጻፉ። ልጅቱ ካፖርቷን እንደ ቈለፈች ነች፤ ፊቷ ወደ ጎን ዘወር ያለ ነው፤ ብርሃን በግንባሯና በጸጉሯ ላይ ብቻ አርፏል። የቀረው ደብዘዝ ያለ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የከተማ ፎቶግራፍ ቤት ልማድ ግን ሰውን ከእግር እስከ ራሱ ማቆም፥ ከኋላው ምሰሶና መጋረጃ ማድረግ፥ የካባውን ቍልፍ ሳይቀር እያንዳንዱን ጥርት አድርጎ ማሳየት ነበረ።

የጥበባቸው ቍልፍ ይህ ድብዘዛ ነው። ኋላ በ1874 ስለ ሥራቸው በጻፉትና ሳይጨርሱት በቀረው ታሪክ እንደ ገለጡት፥ ድብዘዛው መጀመሪያ ባለማወቅ የሆነ ነበር። ሌሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች የመስተዋቱን ዐይን እያዞሩ ሥዕሉ እስኪጠራ ድረስ ሲገፉ፥ እሳቸው ግን እያዞሩ ሳሉ ለዐይናቸው ያማረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ እዚያ ያቆሙ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስለ ፎቶግራፍ ጸሐፊ ማንነት ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ያለው በዚህ ማቆም ውስጥ ነው። መኪናው የት እንደሚቆም አያውቅም፤ የሚያቆመው ሰው ነው። ያ ሰው የሚያቆምበትን ቦታ ከመጽሐፍ ወይም ከማኅበር ደንብ ሳይሆን ከገዛ ዐይኑ ከተቀበለው፥ በመስተዋቱ ላይ የቀረው ነገር የፊቱ ባለቤት መልክ ብቻ ሳይሆን የአንሺውም ልብ ነው። በ1864 መጨረሻ ለኸርሼል በጻፉት ደብዳቤ አሳባቸው ፎቶግራፍን ከፍ ወዳለ ጥበብ ማድረስ፥ እውነቱን ሳይተዉ ከውበት ጋራ ማዋሐድ መሆኑን ገለጡ። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን አሳብ ለመረዳት አይቸገርም። ሰሙ የሚታየው ፊት ነው፤ ወርቁን ለማውጣት ግን ሰሙ ትንሽ መቅለጥ አለበት።

በለንደን የነበረው የፎቶግራፍ ማኅበር ግን ይህን አልተቀበለም። ወይዘሮዪቱ ሥዕሎቻቸውን ባሳዩ ጊዜ የማኅበሩ መጽሔት ሥራውን የማያውቁ፥ መስተዋቱን እንኳ ማስተካከል ያቃታቸው ሴት አድርጎ ነቀፋቸው። እውነቱን ለመናገር ነቀፌታው ሁሉ ሐሰት አይደለም። በብዙ ሥዕሎቻቸው ላይ የጣት አሻራ፥ የመድኃኒት ጠብታ፥ የተሰነጠቀ መስተዋት ምልክት ይታያል። ከእነዚህ አንዳንዱ የትዕግሥት ማነስ ፍሬ ነው እንጂ ጥበብ ተብሎ የሚመሰገን አይደለም፤ በኋላ ዘመን የመጡ አድናቂዎቻቸው ስንጥቁን ሁሉ እንደ ምሥጢር ሲተረጕሙት ማየት ያስቃል። ነገር ግን ማኅበርተኞቹ ጉድፉን ሲቈጥሩ ፊቱን ሳያዩት ቀሩ። ከማኅበሩ ውጭ ያሉት አይተውታል። በለንደን የሳውዝ ኬንሲንግቶን ሙዚየም በ1865 ሥዕሎቻቸውን ገዝቶ አሳየ፤ በ1868ም ለሥራቸው ሁለት ክፍል ሰጣቸው።

ከሁሉ ይልቅ የጥበባቸው ኃይል የሚታወቀው በ1867 በሚያዝያ ወር ባነሡት በኸርሼል ሥዕል ነው። ሊቁ በዚያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ጸጉሩን አስታጥበው፥ ሽበቱም ብርሃን እንዲቀበል አበታትነው፥ ትከሻውን በጥቁር ልብስ ሸፍነው አስቀመጡት። በሥዕሉ ወንበርም መጽሐፍም መነጽርም የለም፤ ሊቅ መሆኑን የሚያመለክት ዕቃ አንድ ስንኳ አይታይም። ከጨለማ ውስጥ አንድ ያረጀ ፊት ብቻ ወጥቶ፥ ሰማይን ሲመለከት በኖረ ዐይን ወደ ተመልካቹ ያያል። ለዚህ ብርሃን ስም ያወጣለት ሰው በዚያው ብርሃን ተጻፈ። በዚያው ዓመት የተነሣው የታሪክ ጸሐፊው የካርላይል ራስ ከዚህ ይልቅ ደብዛዛ ነው፤ ገና ያልተጠረበ ድንጋይ ይመስላል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን ሌላው ሥራቸው ነው። ሜሪ ሂሊየር የምትባለውን የቤታቸውን ገረድ ነጠላ መሳይ ልብስ አከናንበው፥ የመንደር ሕፃን አሳቅፈው፥ የእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ብዙ ጊዜ አነሡአት። የመንደሩም ሰው በዚህ ምክንያት በእመቤታችን ስም ይጠራት ነበር። ለሕፃናትም የትልቅ ወፍ ክንፍ በትከሻቸው እያሰሩ መላእክት ያደርጉአቸው ነበር። ከዚህ ወገን ፍሬ መንፈስ ብለው የሰየሙአቸውን፥ በገላትያ መልእክት በምዕራፍ 5 የተቈጠሩትን ዘጠኙን ፍሬዎች የሚያመለክቱ ዘጠኝ ሥዕሎች በ1865 ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጡ።

ይህ ሥራ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዐይን ሲመረመር ሁለት ነገር ይታያል። በአገራችን ሠዓሊ የእመቤታችንን ሥዕል የሚሥለው ሴት አስቀምጦ ወደ እሷ እየተመለከተ አይደለም፤ ከአባቶች የተቀበለውን ሥርዓት ይዞ ነው። ቅዱሳን ሁለት ዐይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ በጎን አንድ ዐይን ብቻ እየታየ የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። አንድ የጎንደር ሠዓሊ የወይዘሮ ካሜሮንን ብዙ የጎን ፊት ሥዕል ቢያይ፥ ይህች ሴት ይህን ሁሉ መልካም ሰው ምን አድርጓት እንዲህ ሣለችው ብሎ ይደነቅ ነበር። ስለዚህ የገረዲቱ ሥዕል ለጸሎት የሚሰቀል ሥዕል አይሆንም፤ ፊቱ የሜሪ ሂሊየር ነውና። በሌላ ወገን ግን፥ ቀን ሳሕን ስታጥብ የዋለች ገረድ፥ ማንም ልብ ብሎ ያላያት፥ በዚያ ሥዕል ውስጥ የምታሳየው ትሕትና ከልብስም ከክንፍም የመጣ አይደለም። ወይዘሮዪቱ ይህን ማየታቸው ዐይናቸው የታደለ መሆኑን ያስረዳል። ገረዲቱን ገረድ አድርገው ማንሣት አለመፍቀዳቸው ደግሞ፥ ይህ ዐይን አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከራሱ ስም አውጥቶ የገዛ አሳቡን እንደሚያለብሰው ያሳያል። ኋላ የሚመጣውን ነገር ለመፍረድ ይህ መታወስ አለበት።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት፥ በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፥ መቅደላ ወደቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በእጃቸው አለፉ። ከጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ጋራ 10ኛው የመሐንዲስ ጭፍራ የፎቶግራፍ መኪናና መድኃኒት በእንስሳ አስጭኖ መጥቶ ስለ ነበረ፥ ተራራውን፥ በሩን፥ የተፈቱትን እስረኞች በመስተዋት አነሣ። እነዚያ ሥዕሎች ጥርት ያሉ ናቸው፤ ለጦር አዛዥ የሚያስፈልገውን ይነግራሉ፤ ማን እንዳነሣቸው ግን ከሥዕሉ አይታወቅም። ሌላም የሥዕል ታሪክ በዚያ ቀን ተፈጽሟል። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ የነበረው ሆልምስ የንጉሠ ነገሥቱን የሬሳቸውን ፊት በእርሳስ ነደፈ፤ ነገሥታቱ በዘመቻ ያስከትሉት የነበረውን ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን የጌታችንንም ሥዕል ለራሱ ወሰደ። ያ ሥዕል ኋላ እየተሸጠ ፖርቱጋል ደረሰ፤ ወደ አገሩም አልተመለሰምና ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋራ ወደ ባሕር ሲወርዱ በትግራይ በመንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ሕፃኑ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ አባቱንም እናቱንም አገሩንም አጣ። ለጥበቃ የተሰጠው ለካፒቴን ስፒዲ ነበር፤ ይህም ሰው ቀድሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ቤት አገልግሎ፥ አማርኛ ተምሮ፥ ባሻ ፈለቀ የተባለው ቁመተ ረዥሙ እንግሊዛዊ ነው። በሐምሌ ወር ሁለቱ ወደ ዋይት ደሴት ደረሱ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በዚያው ደሴት በኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ሕፃኑን ተቀበሉት። ከዚያ ወደ ፍሬሽዋተር መንገዱ ሩቅ አይደለም።

በዚያ ሰሞን ሕፃኑን ያነሡት ወይዘሮ ካሜሮን ብቻ አይደሉም። ያቤዝ ሂውዝ የተባለው በዚያች ደሴት የነበረ ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺም አንሥቶታል፤ ያ ሥዕል በእንግሊዝ ነገሥታት መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ሥራው ንጹሕ ነው። የንጉሥ ልጅ መጣ፥ እነሆ መልኩ የሚል ነው።

የወይዘሮ ካሜሮን ሥዕል ግን እንዲህ አይደለም። ሕፃኑ የአገሩን ልብስ ለብሶ፥ በአንገቱ ጌጥ አድርጎ ተቀምጧል። ዐይኑ ወደ መኪናው አያተኵርም። አፉ እንደ ተዘጋ፥ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ሥዕል ብዙ ጊዜ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያስፈልግ ነበርና፥ በሌሎች ሕፃናት ሥዕል ላይ እንደሚታየው የራስ መወዛወዝ ወይም የሣቅ ምልክት በፊቱ ላይ መገኘት ነበረበት። አልተገኘም። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ጸጥ ብሎ መቀመጡ ከጨዋነት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። የሊቁን እርጅና ለማየት የጠቀመው ያ ድብዘዛ፥ ከዚህ ሕፃን ጌጥና ልብስ ላይ ዐይንን እያነሣ ወደ ፊቱ ይመልሰዋል። ከመቅደላ ዘመቻ የቀሩት ሥዕሎች ሁሉ ቢጠፉና ይህ አንዱ ቢቀር፥ ጦርነቱ ምን እንዳደረገ ከዚህ ፊት ማንበብ ይቻል ነበር።

ወይዘሮዪቱ በሥዕሉ ግርጌ ስሙን ደጃች ዓላማዩ ብለው በላቲን ፊደል ጻፉ፤ ስፒዲንም ባሻ ፈሊካ አሉት። አጻጻፉ ቢያነክስም፥ ባዕድ ስም ያልሰጡት መሆናቸው ይመሰገናል። ሜሪ ሂሊየር በሥዕል ውስጥ ስሟን አጣች፤ ይህ ሕፃን ግን ከነማዕርጉ ተጻፈ።

ነገር ግን ከዚሁ ሰሞን ሥራ ሁለተኛውን ሥዕል ያየ ሰው ልቡ ይከፈላል። በዚህኛው ባሻ ፈለቀ የኢትዮጵያን ልብስ ለብሶ፥ ሕፃኑም ከአጠገቡ ሆኖ ይታያል። በሌሎችም ባሻ ፈለቀ ጦር ይዞ የተዋጊ መልክ ያሳያል። መቅደላ ከወደቀ አራት ወር ሳይሞላ፥ ከድል አድራጊው ወገን የሆነ ሰው የተሸነፈውን ሰው ልብስ ለብሶ በትያትር አኳኋን ቆመ፤ የሟቹ ልጅም በአጠገቡ ተቀመጠ። ባሻ ፈለቀ ሕፃኑን ይወድ እንደ ነበረ፥ ሕፃኑም ከእሱ መለየትን እንደሚፈራ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ክፋት አስበው ነው አይባልም። ወይዘሮዪቱም ለእንግዳ ነገር ሁሉ ዐይናቸው የሚፈጥን ነበር። ይሁን እንጂ የገዛ ዐይንን መከተል የሚያመጣው ፈተና በዚህ ይታያል። ብቻውን ባነሡት ጊዜ ከሕፃኑ ፊት የመጣውን ተቀበሉ፤ ከባሻ ፈለቀ ጋራ ባነሡት ጊዜ ግን ለእንግሊዝ ተመልካች ደስ የሚለውን የሩቅ አገር ተረት ሠሩ። ሁለቱንም የሠራው አንድ ዐይንና አንድ እጅ ነው፤ መካከሉም የጥቂት ቀን ርቀት እንኳ የለውም ይሆናል። የሕፃኑን ፈቃድ የጠየቀ እንደ ሌለ ግልጽ ነው፤ እንዲያውም ከመቅደላ ጀምሮ በማናቸውም ነገር የጠየቀው አልነበረም።

በ1875 ወይዘሮ ካሜሮን ከባላቸው ጋራ ወደ ሴይሎን፥ ዛሬ ስሪላንካ ወደምትባለው ደሴት ተሻገሩ። በዚያ ያነሡት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በእርሻው የሚሠሩ ሰዎች መልክ ነው። መድኃኒቱና ንጹሕ ውኃው እንደ ልብ አልተገኘም፤ አየሩም ለእርጥብ መስተዋት የሚስማማ አልነበረም። በጠቅላላው ከ1,200 የሚበልጥ ሥዕል ትተው በ1879 በጥር ወር በዚያው ሞቱ። ሕፃኑ ዓለማየሁም በእንግሊዝ በታወቁት በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች፥ ከዚያም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ቆይቶ፥ በዚያው በ1879 በኅዳር ወር በሊድስ ከተማ በሳንባ በሽታ ታሞ በ18 ዓመቱ ዐረፈ። በንግሥቲቱ ትእዛዝ በዊንድሰር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተቀበረ።

የወይዘሮዪቱ ስም ጥቂት ዘመን ተረስቶ ቆየ። በ1913 የአሜሪካው ፎቶግራፍ አንሺ ስቲግሊትዝ በመጽሔቱ ሥዕሎቻቸውን አሳተመ፤ በ1926ም የእኅታቸው ልጅ ልጅ የሆነችው ደራሲዋ ቨርጂኒያ ዉልፍ ከሥዕሎቻቸው የተመረጡትን በመጽሐፍ አወጣች። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍ ጥበብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በኤውሮፓ በረደ። ዛሬ ሥዕሎቻቸው በለንደን፥ በኒውዮርክና በሎስ አንጀለስ ትልልቅ ሙዚየሞች ይጠበቃሉ፤ የዓለማየሁም ሥዕል ከኸርሼልና ከካርላይል ጋራ በአንድ መዝገብ አለ።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 የዓለማየሁ ዐፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቀ። በ2023 ጥያቄው ደግሞ በተነሣ ጊዜ፥ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ከአጠገቡ ያረፉትን የሌሎችን ሙታን ዐፅም ሳያናውጡ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ግን በባሻ ፈለቀ ዘመዶች እጅ ተጠብቃ የኖረች አንዲት ጉንጉን ጸጉሩ በለንደን ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጠች። በፍሬሽዋተሩ ሥዕል ከሕፃኑ ግንባር በላይ የሚታየው ጸጉር ጥቁርና ለጋ ነው፤ የመስተዋቱ ብርሃንም በላዩ አርፎበታል።